የመንገድ ድርሻ

አዲስ አበባ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ትነቃለች። የመጀመሪያው መንቃት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም በዳርቻዋ የሚሆነው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ በመካከሏ የሚሆነው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ይሁንና በከተማይቱ ውስጥ ማን ምን እንዳለውና ማን ምን እንደ ጎደለው ለማወቅ ለሚሻ ሰው፣ ይህ የሰዓት ልዩነት ከደመወዝ መክፈያ ቅጽ የማያንስ ምስክር ነው።

በደቡባዊው ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱ ከቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በአንደኛው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ሴት በመጀመሪያው ሰዓት ከሚነቁት አንዷ ናት። ዕድሜዋ አርባን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከሌላ ቤተሰብ ጋር በጋራ ከተከራየችው ቤት የእርሷ ድርሻ አንዲት ክፍል ናት። ስትነሣ መብራት አታበራም፤ የስምንት ዓመት ልጅዋ እንዳትነቃባት ትጠነቀቃለች። ሻዩን በፔርሙስ ሞልታ፣ ዳቦውን በፎጣ ጠቅልላ ከራስጌዋ ታኖርላታለች። ግንባሯን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ትኩሳት አለመኖሩን ታረጋግጣለች። ከዚያም ነጠላዋን ተከናንባ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በላስቲክ ጫማ ትወጣለች፤ ከሕንጻው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነውና። በሩን በቀስታ ስትዘጋ ልጅቱ ተኝታለች። ማታ ስትመለስም ብዙውን ጊዜ ተኝታ ታገኛታለች። እናትና ልጅ በቀን ብርሃን የሚተያዩት እሑድ ብቻ ነው።

ሴቲቱ በአራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቴአትር አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ናት። በ1 ሰዓት ተኩል በመቆጣጠሪያው ደብተር ላይ ፊርማዋን ካላኖረች ከደመወዟ ይቆረጣል። ስለዚህ ሥራዋ የሚጀምረው በ1 ሰዓት ተኩል ነው ቢባልም፣ በእውነቱ የሚጀምረው መብራት ሳታበራ በምትነሣበት በዚያ ሰዓት ነው። ለዚህኛው ሰዓት ግን ከፋይ የለውም።

ከሕንጻው በር ላይ ሦስት አራት ሴቶች ተሰብስበው ይጠብቋታል። በዚያ ሰዓት ብቻዋን መንገድ የምትወጣ ሴት የለችም፤ ጅቡም ሌባውም የሚፈራው ብዛትን ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገዩ?» ትላታለች አንዲት ወጣት።

«ልጅቱ ስትስል አደረች፤ ጉንፋን ይሁን አቧራ እንጃ።»

«ማር በሎሚ ያድርጉላት።»

«ማሩስ ከየት መጥቶ፣ እኅቴ።»

ከዚህ በኋላ ሰልፍ ነው። የአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሳያዝ ሰው ከሰው ኋላ ይቆማል፣ ጥቂት ወጣ ብሎ የተመለሰ ሰው ቦታው ተጠብቆለት ያገኛል፣ እርጉዝና ሽማግሌ ወደ ፊት ይታለፋሉ። ሕዝቡ በሰልፉ ላይ ያለውን ፍትሕ ታክሲው በደረሰ ጊዜ ያጣዋል። ወያላው «ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ አንድ ሰው የቀረው የተባለው ታክሲ ግን አራት ሰው ይጨምራል። በታፔላው ላይ የተጻፈው መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ተሳፋሪው በበዛበትና ታክሲው ባነሰበት ሰዓት አሽከርካሪው መንገዱን ከመካከል ቆርጦ ሁለት ሂሳብ ያስከፍላል። «ማቆራረጥ» ይሉታል ተሳፋሪዎቹ። ቃሉ ለመንገዱ የተነገረ ይሁን እንጂ የሚቆራረጠው የእነርሱው ደመወዝ ነው። ከመሀል ከተማ አጠገብ የሚኖር ሰው አንድ ጊዜ የሚከፍለውን፣ ከዳር የሚመጣው ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ርቀት የድኻ ግብር ሆኗል ማለት ነው።

ቃሊቲ ላይ ባቡሩ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ፣ 41 ባቡሮች የተመደቡለት ነበር። ታሪፉም እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለ ነበረ፣ ከቃሊቲ ተነሥቶ እስከ ፒያሳ ለሚሄድ የቀን ሠራተኛ ታላቅ እፎይታ ሆነለት። በኋላ ግን በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ምክንያት ብዙዎቹ ባቡሮች ከሥራ ወጡ። ተሳፋሪውም ቀድሞ በደቂቃ የጠበቀውን ለረጅም ጊዜ ይጠብቅ ጀመር፤ በመጣው ባቡር ውስጥም ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጣብቆ ይቆም ጀመር። ደግሞም መስመሩ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ሰፈሮች በግራና በቀኝ ስለ ታጠረ፣ ቀድሞ ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን በጥቂት እርምጃ ትደርስ የነበረች አሮጊት፣ እስከ ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ ተሻግራ፣ እንደገና ያንኑ ያህል ትመለሳለች። ያው ሐዲድ የሩቁን ሰው ወደ መሀል ሲያቀርብ ጎረቤትን ከጎረቤት አርቋል። አንድ መንገድ ሲሠራ ለማን አሳጠረ፣ በማንስ ላይ አስረዘመ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ባቡሩ ስታዲየምንና ለገሃርን አልፎ፣ ሜክሲኮን ተሻግሮ፣ ወደ ልደታ ሲቃረብ ሴቲቱ ወደ መስኮቱ ፊቷን ታዞራለች። ዛሬ ረጃጅም ሕንጻዎች በቆሙበት በዚያ ቦታ ቀድሞ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ነበረ። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ የቀበሌ ቤት ከነበራቸው ባልቴት ጋር፣ በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት ጥግ ላይ ደባል ሆና ኖራለች። ልደታ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ለቤቱ ባለ ደብተር ምትክ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ዕድል ተሰጠ። ለደባል ግን ስሟ በደብተሩ ላይ አልነበረምና ምንም አልደረሳትም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከጎተራ ወደ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወርዳለች። ከልደታ ወደ አራዳ በእግሯ የምትወጣበት ዘመን ስለ ነበረ፣ የዛሬውን ጉዞዋን በኪሎ ሜትር አትለካውም። ልትለካው ብትጠየቅ የምትመልሰው «የልጄን ማታ ነው» ብላ ነው።

*

ይህ መራራቅ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ተመልክተው የፍል ውኃውን አካባቢ ለከተማ በመረጡ ጊዜ፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሰፈር በሰፈር ነው። ቃሉም ራሱ የጦር ሠራዊት የሚያርፍበትን ሥፍራ የሚያመለክት ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው አናት ላይ ግቢያቸውን ሲሠሩ፣ ሎሌው፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ባለ እጁ በግቢው ዙሪያ እንደ ጫጩት ተኮልኩሎ ይሰፍር ነበር። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ጌታው በበቅሎ ሲሄድ አሽከሩ ጠመንጃ ተሸክሞ በበቅሎዋ ጎን ይሮጣል። የተከታዩ ብዛት የጌታውን ክብር ይመሰክራል። ይህ እኩልነት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የሚጋልብና የሚሮጥ እኩል አይደሉም። ሆኖም ሁለቱም በአንድ አቧራ ውስጥ ያልፋሉ፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፣ ማታም አንድ ኮረብታ ላይ ያድራሉ። ጌታው የአሽከሩን ቁና ቁና መተንፈስ ከጆሮው ሥር ይሰማው ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ሲመጣ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በቅሎና እግር ብቻ ያውቁት የነበረው መንገድ ሌላ ፍጥነት ተማረ። የመኪናው ባለቤት ከእግረኛው ጋር በአንድ ሰዓት መድረሱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱን በ1928 ዓ.ም. የያዘው የፋሺስት ኢጣልያ አስተዳደር ነጩንና ጥቁሩን በፕላን ለመለየት ተነሣ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቁ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ የዛሬው መርካቶ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ቢባረርም፣ ሰውን በቦታ የመለየት አሳብ ከወራሪው ጋር ተጠራርጎ አልወጣም።

የሐምሌ 1967 ዓ.ም. የአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ቤቶቹ በቀበሌ እጅ ገብተው በአነስተኛ ኪራይ ተሰጡ። የዚህ አዋጅ ውጤት ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ቤቶቹ ጠጋኝ አጥተው አረጁ፤ ጣራቸው አፈሰሰ፣ መጸዳጃቸው ሞላ፣ በአንድ ክፍል ሦስት ትውልድ ተጨናነቀ። በሌላ በኩል ግን ድኻው በከተማው መካከል፣ ከሥራው፣ ከገበያው፣ ከሐኪም ቤቱና ከዕድሩ አጠገብ እንዲኖር አስችለውታል። ልብስ አጣቢዋ ከምታጥብበት ቤት፣ ሊስትሮው ጫማ ከሚጠርግበት ጥግ፣ ቆሎ ሻጯ ከቴአትር ቤቱ በር የነበራቸው ርቀት የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነበር። የጎደለው ጣራ ለዓይን ስለሚታይ ሁሉም ተናገረለት። በእጅ የነበረው ቅርበት ግን ስለማይታይ ሀብት መሆኑን ማንም አልቆጠረውም። ሲታጣ ነው የታወቀው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከመቶ ሺህ ለሚበልጡ ቤተሰቦች ግድግዳው የማይፈርስ፣ ውኃና መብራት የገባለት ቤት ሰጥቷል። ይህን ማቃለል አይገባም፤ በዝናብ ሌሊት ባልዲ ሲያፈራርቅ ያደረ ሰው የሲሚንቶ ጣራን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን ሰፊ መሬት የተገኘው በዳር ስለ ነበረ፣ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ቤቱ ወደ ዳር ሲሄድ፣ ሥራው በመሀል ቀረ። ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፉን ተቀብሎ ሲደሰት፣ በዚያው ቁልፍ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ በየቀኑ መረከቡን የተገነዘበው የመጀመሪያው ሰኞ ሲነጋ ነው። ከእነርሱም መካከል ጥቂት የማይባሉት ቤታቸውን አከራይተው ወደ መሀል ለመጠጋት ተመልሰዋል። ያከራዩት ደግሞ ከእነርሱ ላነሰ ሰው ነው።

*

በአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይጓዝም። ከተማይቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘቅዛቃ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲበልጥ፣ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ውኃዋም እንደ አቀማመጧ ነው። ቀበናና ግንፍሌ፣ ባንቲ ይቀጡና ቁርጡሜ ከላይ ንጹሕ ሆነው ይነሡና፣ የየሰፈሩን እድፍ፣ የየፋብሪካውን ዝቃጭ እየተቀበሉ በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርገው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በላይኛው ሰፈር እጁን የታጠበ ሰው የእጁን እድፍ ወዴት እንደ ሄደ አያይም። በታችኛው ሰፈር ግን ወንዙ ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ሽታው ከሩቅ እየቀደመ ይደርሳል። በዚያው ውኃ በአቃቂ ዳር የለማው ጎመንና ሰላጣ በጧት በመኪና ተጭኖ ወደ ላይ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ የሞላው ወንዝ የሚወስደው ከዳሩ ላይ ሌላ ቦታ አጥቶ የሰፈረውን ሰው ጎጆ ነው።

ቆሻሻም እንዲሁ መንገደኛ ነው። ከየቤቱ ተሰብስቦ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ወደሚለው ሥፍራ ሲጋዝ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር በላስቲክና በጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። ከተማው የማይፈልገውን ነገር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲልክ፣ ከተማው ቦታ ያልሰጠው ሰውም ወደዚያው አቅጣጫ ሄዶ ነበርና ሁለቱ አንድ ላይ ተገኙ።

የቱሉ ዲምቷ ሴት ከባቡሩ ወርዳ ወደ አራዳ ስትወጣ፣ ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ ጉዟቸውን አጋምሰዋል። እነዚህ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸካሚዎች ናቸው። ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ሸክም በገመድ በጀርባቸው አስረው፣ ወገባቸውን ወደ ፊት ሰብረው፣ ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ይወርዳሉ። ፊታቸውን ስለ ደፉ ከተማውን አያዩትም፤ የሚያዩት የመንገዱን ድንጋይና የራሳቸውን ጣት ነው። የከተማው እንጀራ በኤሌክትሪክ በማይጋገርበት ቤት ሁሉ የሚጋገረው በእነርሱ ጀርባ በወረደ ማገዶ ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ በእንጦጦ ላይ መናፈሻ ተከፍቶ፣ ለሽርሽር የሚወጡ መኪናዎች በዚያው ዳገት ይወጣሉ። የሚወጣው ሰው ስለ አየሩ ንጽሕና ያመሰግናል። የምትወርደው ሴት ደግሞ መኪናው ዳገቱን ሲገፋ የሚተፋውን ጭስ ትስባለች። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ከመንገዱ የደረሳቸው ግን የተለያየ ነው።

*

እዚህ ላይ ስለ ድርሻ መናገር ያስፈልጋል። በከተማይቱ የትራንስፖርት ጥናቶች መሠረት በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በግል መኪና የሚደረገው 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ወደ አንድ ዐቢይ ጎዳና ወጥቶ የአስፋልቱን ስፋት በእርምጃ የለካ ሰው፣ አብዛኛው ቦታ ለጥቂቱ፣ ጥቂቱ ቦታ ለአብዛኛው እንደ ተከፈለ ይረዳል። አንድ አውቶቡስ የሦስት የቤት መኪና ያህል ቦታ ይዞ ሥልሳ ሰው ሲያጓጉዝ፣ ሦስቱ የቤት መኪናዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ሦስት ሰው ነው። መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜም ሥልሳው ሰው ከሦስቱ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። በ1990ዎቹ የተሠራው የቀለበት መንገድ መኪናን አፍጥኖ ሲያሳልፍ፣ እግረኛው ከመሻገሪያ ድልድዩ ስለ ራቀ የመካከሉን የሲሚንቶ ግድብ ሲዘል ይታይ ነበር። በከተማይቱ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ሳይሳፈሩ የተገጩ እግረኞች ናቸው። መኪና የሌለው ሰው በመኪና ይሞታል።

የነዳጅም ነገር ከዚህ አይለይም። ለብዙ ዓመታት መንግሥት የነዳጅን ዋጋ ሲደጉም፣ ድጎማው ለሁሉም እኩል የተሰጠ ይመስል ነበር። ነገር ግን ብዙ ነዳጅ የሚቀዳ ብዙ ድጎማ ይወስዳል፤ በእግሩ የሚሄድ ከዚያ ድጎማ የሚደርሰው ጭሱ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ከግል መኪና እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ እንዲቀር መደረጉ ይህን መዛነፍ የተገነዘበ እርምጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት መንገድ ተከፍቷል። አየሩ ቢጠራ የመጀመሪያው ተጠቃሚ በሰልፍ ላይ ቆሞ የሚተነፍሰው ሰው ነውና መልካም ነው። ሆኖም ጭስ የሌለው መኪናም ቢሆን የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ የሚይዘውም ሰው ያው አንድ ሰው ነው።

ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት ሲጫወቱባቸው ታይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቦሌ የእግረኛ መንገዱ እጅግ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መንገድ ተለይቶለታል፤ ማታ መብራት በርቶለታል። ለእግረኛ ይህን ያህል ቦታ የሰጠ ሥራ በከተማይቱ ታሪክ አልታየም። ለዚህ ለተሠራው ምስጋና ሳይነፈግ አንድ ጥያቄ ግን መነሣት አለበት። በፒያሳና በካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች የነበረው ነዋሪ፣ በእግሩ ወደ ሥራው የሚሄደው ያ ሰው፣ አብዛኛው ተነሥቶ ወደ ዳር ተዛውሯል። የእግረኛው መንገድ ሲሰፋ እግረኛው ርቆ ሄዷል። አሁን ወደዚያ መንገድ ለመድረስ አስቀድሞ ሁለት ታክሲ መሳፈር አለበት።

ከተማ ማደግ የለባትም የሚል የለም። የፈራረሰ ቤት ይኑር የሚልም የለም። ነገር ግን ቤት ሲሠራ ግድግዳው ብቻ አይቆጠርም፤ ከቤቱ እስከ ሥራው ያለው ሰዓትም የቤቱ አካል ሆኖ መቆጠር ይገባዋል። ለድኻ አንዲት ክፍል ከአራዳ አጠገብ ማቆየት ሁለት ክፍል በቱሉ ዲምቱ ከመስጠት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ማቆየት ካልተቻለ ደግሞ አውቶቡሱ ከነዋሪው በፊት ሊደርስ ይገባዋል፤ ሰው ከሰፈረ በኋላ መንገድ መፈለግ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ አዋላጅ እንደ መጥራት ነው።

*

ሴቲቱ በአዳራሹ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። የመድረኩን ጣውላ እያንዳንዱን ታውቀዋለች፤ የትኛው እንደሚንሻፈፍ፣ የትኛው ላይ ተዋናዩ ቆሞ ሲያለቅስ ድምፁ እንደሚያምር። ቀን ቀን ሲለማመዱ ትሰማለች። አንዳንዱን ቃል በቃል ይዛዋለች። ሆኖም በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቴአትር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። ትርኢቱ የሚጀምረው በ11 ሰዓት ተኩል ነው። እርሷ ከ11 ሰዓት በኋላ ከቆየች ባቡሩ ይሞላል፤ ከቃሊቲ ወዲያ ያለው ታክሲ ይጠፋል፤ ከአስፋልቱ እስከ ሕንጻው ያለውን ጨለማ አብሯት የሚሄድ አይኖርም።

አንድ ጊዜ ተዋንያኑ የመግቢያ ቲኬት ሰጧት። «እትዬ፣ ይህንን ግን ሊያዩት ይገባል፤ የእርስዎን ዓይነት ሴት ነው የሚያሳየው» አሏት። ልጅዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ቀረች። ከበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ጧት በገዛ እጇ በወለወለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቴአትሩ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስለምትሠራ አንዲት እናት ነበር። ተመልካቹ ሲስቅ ሳቀች፤ ሲያዝን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ወደ 1 ሰዓት ግድም፣ ያቺ እናት ፍርድ ቤት በቀረበችበት ትዕይንት መካከል፣ ሴቲቱ ተነሣች። ወንበሩ ሲጮኽ ጥቂት ሰዎች ዞረው በቁጣ ተመለከቷት። በሩን፣ የልጅዋን ክፍል በር እንደምትዘጋው በቀስታ ዘግታ ወጣች።

በማግሥቱ ጧት መጥረጊያዋን ይዛ መድረኩ ላይ ሳለች፣ የአዳራሹ ዘበኛ ሻዩን ይዞ በረድፉ መካከል መጣ። ሥልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

«ጋሼ» አለችው፤ «ማታ ቆይተው ነበር?»

«እስከ መጨረሻው ነበርኩ፣ ልጄ።»

«እንዴት አለቀ?»

«ደስ በሚል ነገር አለቀ። ሴትዮዋ ተፈረደላት። ልጅዋን አቅፋ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበላት፣ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ሴቲቱ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጥቂት አሰበች።

«ቤቷ የት ነበር?»

«እሱን እንኳ አላነሡትም። ሩቅ ሳይሆን አይቀርም።»

«መሽቶ ነበር?»

«መብራቱን ሰማያዊ አድርገውት ነበር፤ መሽቶ መሆን አለበት።»

«ታዲያ በምን ሄደች?»

ዘበኛው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቷን አየና ዝም አለ። እርሷም መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መድረኩ ጥግ ሄዳ መጥረግ ቀጠለች።